«ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን» ምንድን ነው? ከጡረታ ዕድሜ በኋላ ፒፕ ሲቀነስ

«ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?»

ቡናማዋ ፖስታ ናት። እንግሊዝ አገር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጎረቤቴ እማማ ከመክፈታቸው በፊት አማትበውባት ነበር። ደብዳቤውን ገልጬ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ፒፕ ከሚባለው የሕመምና የአካል ጉዳት ድጎማ፣ በመንቀሳቀስ በኩል ያገኙት የነበረው ከፍተኛው ክፍያ ወደ መደበኛው ወርዷል።

«እኔ እኮ የደወልኩት የእጄ ሕመም ስለባሰብኝ ነው» አሉ። «እነሱ እግሬን ቀነሱት?»

አዎ፣ እግራቸውን ቀነሱት። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ በሕጉ ቀድሞ ስለሚደረገው ነገር ነው። ስሙ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን ይባላል። በእኛ ቋንቋ የግዴታ ዳግም እይታ ብንለው ያስኬዳል። ውሳኔውን የሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የሥራና የጡረታ ሚኒስቴሩ (ዲደብሊውፒ)፣ ራሱ ደግሞ እንዲያየው መጠየቅ ማለት ነው።

አበሻ ቅር ሲለው የሚመጣለት ቃል «ይግባኝ» ነው። እዚህ ግን ቀጥታ ይግባኝ የለም። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፒፕ የተቀነሰበት ሰው መጀመሪያ ዳግም እይታ መጠየቅ አለበት። የዚያን መልስ በጽሑፍ ሳይዝ ይግባኝ ሰሚው ችሎት፣ ትሪቡናሉ፣ አይቀበለውም። «ማንዳቶሪ» ያሰኘውም ይኸው ነው።

አሁን ስለ ፒፕ ራሱ ትንሽ። ፒፕ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ኑሮ ለከበደው ሰው የሚከፈል ነው። ገቢ አይጠየቅበትም፣ ግብር አይቆረጥበትም። ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የዕለት ኑሮ ነው፦ ማብሰል፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መድኃኒት መውሰድና የመሳሰለው። ሌላው መንቀሳቀስ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል 8 ነጥብ ያገኘ መደበኛውን፣ 12 ያገኘ ከፍተኛውን ይወስዳል። በ2025/26 የበጀት ዓመት የመንቀሳቀሱ መደበኛ ክፍያ በሳምንት 29.20 ፓውንድ፣ ከፍተኛው 77.05 ፓውንድ ነበር። ልዩነቱ በዓመት ወደ 2,500 ፓውንድ ይጠጋል። ሞታቢሊቲ በሚባለው፣ ከፍተኛውን ክፍያ በመኪና ኪራይ በሚለውጠው ፕሮግራም በኩል መኪና የያዘ ሰው ደግሞ ከፍተኛው ክፍያ ሲቀር መኪናውንም ያስረክባል።

የጡረታ ዕድሜ 66 ነበር። ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ 67 እየወጣ ነው። ብዙ ሰው የጡረታ ደመወዝ ሲጀምር ፒፕ የሚቆም ይመስለዋል፤ አይቆምም። ከዚያ ዕድሜ በፊት ፒፕ ላይ የነበረ ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ይወስዳል። እንደ አዲስ ማመልከት ግን በመሠረቱ አይቻልም። ከጡረታ ዕድሜ በኋላ የታመመ ሰው የሚላከው ወደ አቴንዳንስ አላዋንስ ነው። እሱ ደግሞ የመንቀሳቀስ ክፍል የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም።

የእማማን ደብዳቤ ሳነብ ሆዴን ቡጭ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ከጡረታ ዕድሜ በኋላ በመንቀሳቀስ በኩል መውረድ እንጂ መውጣት የለም። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ሕመሙ ቢብስ እንኳ መደበኛውን የሚወስድ ሰው ወደ ከፍተኛው አይሻገርም። ምንም ያልነበረውም አዲስ አያገኝም። የዕለት ኑሮው ክፍል ግን ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ 50 ዓመት የሆነው ሰው ቢቀነስበት «ይሁን፣ ሲብስብኝ እንደገና እጠይቃለሁ» ሊል ይችላል። 70 ዓመት የሆናቸው እናት እንዲህ ማለት አይችሉም። ዛሬ ዝም ካሉ መደበኛው መደበኛ ሆኖ ይቀራል። ያለው መንገድ ውሳኔው ያኔውኑ ስህተት ነበር ብሎ መሟገት ብቻ ነው። ውሳኔው ከታረመ ደግሞ የሚታረመው ከተቀነሰበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ያላገኙትም ገንዘብ ተጠራቅሞ ይመጣል።

ከ2019 ወዲህ የጡረታ ዕድሜ የደረሱ ሰዎች ፒፕ በየጊዜው መመርመሩ ቀርቷል፤ በየ10 ዓመቱ ቀለል ያለ ጥያቄ ይላካል። ታዲያ የብዙዎቹ ፋይል እንዴት ይከፈታል? አንዳንዱ እንደ እማማ ራሱ ደውሎ ነው። «እጄ ብሶብኛል» ብሎ መናገር የእጅን ጉዳይ ብቻ አያስነሳም። ሙሉ ፋይሉ ይከፈታል፣ እግሩም እንደ አዲስ ይለካል። ለውጥን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ አትደውሉ አይባልም። ግን ስልኩን ከማንሳት በፊት ነፃ ምክር የሚሰጠው ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ሌላ ቤኔፊት የሚያውቅ ሰው ዘንድ ጎራ ማለት አይጎዳም።

እንግዲህ ዳግም እይታው። የሚጠየቀው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ነው። ፖስታው እጃችሁ ከገባበት ቀን አይደለም። ፖስታ ዘግይቶ ይመጣል፣ በሩ ሥር ሁለት ቀን ይተኛል፣ አንባቢ ልጅ እስኪመጣ ደግሞ አንድ ሳምንት ይሄዳል። ወሩ እንዲህ ያልቃል። ካለፈም ተስፋ አይቆረጥም። ታምሞ ሆስፒታል መተኛትን የመሰለ በቂ ምክንያት ያለው ሰው እስከ 13 ወር ድረስ ማመልከት ይችላል። ያኔ መቀበል አለመቀበሉ ግን የእነሱ ፈቃድ ነው።

በስልክም መጠየቅ ይቻላል። እኔ በጽሑፍ ይሻላል ባይ ነኝ። በስልክ የተባለ ነገር ይጠፋል፣ ወረቀት ግን ኮፒ አለው። ቀኑ እየደረሰ ከሆነ ግን ደውሎ ማስመዝገብና ጽሑፉን ማስከተል ነው። በዚያው ስልክ የገምጋሚውን፣ ማለትም ከውሳኔው በፊት ስለ ሕመማችሁ የጠየቃችሁን ባለሙያ፣ ሪፖርት ጠይቁ፤ በነፃ ይልካሉ። ያለ ሪፖርቱ መከራከር ያላዩትን ሰው መሳደብ ነው።

የእማማ ሪፖርት መጣ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለ፦ በየሳምንቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እሳቸውም ብለዋል። እኛ እኮ «ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» ስንል እሳማለሁ፣ አስቀድሳለሁ ማለታችን ነው። በእግሬ እሄዳለሁ ማለት አይደለም። ልጃቸው ነው በመኪና የሚያደርሳቸው። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ «ደህና ነኝ ብለዋል» ይላል። ሰው «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው ሌላ ምን ይበሉ? ፈጣሪን ሳያመሰግን ሕመሙን የሚዘረዝር አበሻ አላየሁም። ገምጋሚው ግን ሰላምታውን መልስ አድርጎ ጻፈው።

ይሄን ያነሳሁት እማማን ለመውቀስ አይደለም። ዳግም እይታ ላይ የሚጻፈው ይኸው ስለሆነ ነው። «በጣም ታምሜያለሁ፣ እባካችሁ እዩኝ» የሚል ደብዳቤ ልብ ይነካ ይሆናል፤ ነጥብ ግን አይጨምርም። የሚጨምረው «ሪፖርቱ ይህን ብሏል፣ እውነቱ ይህ ነው፣ ስለዚህ 10 ሳይሆን 12 ነጥብ ይገባኝ ነበር» የሚለው ነው።

ነጥቦቹ የሚለኩት በሜትር ነው። ከ20 ሜትር በላይ መሄድ የማይችል ሰው 12 ነጥብ ያገኛል፤ ከፍተኛው ክፍያ ነው። ከ20 አልፎ እስከ 50 ሜትር በከዘራ የሚሄድ ሰው 10 ያገኛል፤ እሱ መደበኛው ነው። አንድ የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡስ 11 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው ቢቆሙ ያን ርዝመት ሳያርፉ መሄድ ትችላላችሁ? ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ አንዴ መሄድ መቻል ብቻ አይቆጠርም። ሕጉ አራት ነገር ይጠይቃል። ያለ አደጋ ነወይ? በወጉ ነወይ? ባስፈለገ ቁጥር ደጋግሞ ማድረግ ይቻላል ወይ? ጤነኛ ሰው ከሚፈጅበት ከሁለት እጥፍ ባልበለጠ ጊዜ ነወይ? 30 ሜትር ሄዶ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሰው በሕጉ ዓይን 30 ሜትር ይሄዳል አይባልም። ሕመሙ አንዳንድ ቀን ተሻለኝ የሚያሰኝ ከሆነም የሚታየው አብዛኛው ቀን ነው።

በዚህ ላይ የጂፒ ደብዳቤ፣ የፊዚዮቴራፒ ወረቀት፣ የመድኃኒት ዝርዝር ይጨመራል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው ልጅ ወይም ጎረቤት የሚጽፈውን አንድ ገጽ ነው። ሐኪሙ ጉልበቱን ያያል፤ ልጁ ደግሞ ደረጃው ላይ ምን እንደሚሆን ያያል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ትሪቡናሉም ጭምር የሚመዝነው ውሳኔው በተሰጠበት ቀን የነበረውን ሁኔታ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሕመም እዚህ አይረዳም። የቆየውን የሚያስረዳ ማስረጃ ግን በኋላ ቢጻፍም ያገለግላል።

ዳግም እይታው ውሳኔውን ዝቅ ሊያደርገውም ይችላል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የቀረውን ነጥብ የሚያጠራጥር ነገር ካለ አማካሪ ሳታዩ አትግቡበት።

መልሱ አልተለወጠም ብሎ ከመጣ ያን ጊዜ ነው ይግባኙ። የዳግም እይታው ውጤት ማስታወቂያ ላይ ካለው ቀን ጀምሮ አሁንም አንድ ወር አለ። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ትሪቡናሉ ከሚኒስቴሩ የተለየ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዳኛ፣ አንድ ሐኪምና ስለ አካል ጉዳት የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀመጡበታል። ቅጹ ላይ አማርኛ ብላችሁ ከሞላችሁ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። ችሎት ፊት ከሚቀርበው የፒፕ ክርክር ከግማሽ በላዩ ለአመልካቹ ይፈረዳል። ስለዚህ ዳግም እይታው «አይሆንም» ሲል አልቅሶ ፋይሉን መዝጋት ትልቅ ስህተት ነው። በግሌ ዳግም እይታውን የማየው እንደ ኬላ ነው፤ ከኬላው ማዶ ነው መንገዱ የሚከፈተው።

ክርክሩ እስኪያልቅ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የተቀነሰው እንደተቀነሰ ይከፈላል። ስኮትላንድ ያላችሁ ስሙም ደንቡም ይለያል። እዚያ ፒፕን የተካው አደልት ዲሳቢሊቲ ፔይመንት ነው፤ ዳግም እይታውን ሪዲተርሚኔሽን ይሉታል፣ የሚጠየቅበትም ጊዜ 42 ቀን ነው። በዚያ ላይ እየተከራከሩ ሳለ የተቀነሰውን የሚሞላ ጊዜያዊ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። ከታች ላለነው የሚያስቀና ነው።

የእማማ ዳግም እይታ «አይሆንም» ተብሎ ተመለሰ። ይግባኙ ቀን እስኪቆረጥለት ወራት ፈጀ። በችሎቱ ቀን አብሬያቸው ገባሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና በአስተርጓሚው በኩል ጠየቃቸው።

«ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ መኪናው የት ነው የሚቆመው?»

«በሩ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ልጄ ይይዘኛል። አጥሩን ተደግፌ አንዴ አርፋለሁ። ከዚያ ጫማ ማውለቂያው ጋ ወንበር አለ፣ እዚያ ደግሞ ቁጭ እላለሁ። ውስጥ ስገባ ቅዳሴው ከተጀመረ ቆይቷል።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«የጉልበቴ ነገር ከጀመረኝ ወዲህ ከመጀመሪያው አስቀድሼ አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። ይሄን ለእኔም ነግረውኝ አያውቁም።

ውሳኔው በዚያው ቀን ተነገረን፦ ለመንቀሳቀስ 12 ነጥብ። የተጠራቀመው ገንዘብም ከሳምንታት በኋላ ባንክ ገባ። የእጃቸው ነጥብ ግን ባለበት ቀረ።

«ታዲያ የእጄን ነገር ልደውልላቸው?» አሉኝ ቡና እየቀዱልኝ።

«እማማ፣ መጀመሪያ አማካሪ ጋ አብረን እንሂድ» አልኳቸው።