«ወርቁን የት አደረሳችሁት?» ስለ አርኪዮሎጂ የሕዝብ ንግግሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ላስታም ይሁን አምባሰል፣ ቃሉም ይሁን ቦረና፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ስለ አርኪዮሎጂ ሲወራ ከኋላ ረድፍ የሚነሳው ጥያቄ ከላይ የተጻፈው ነው። ጠያቂው አይሳቅበትም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ተናጋሪው መልሱን ሳይዝ መምጣቱ ነው። ወሎ ላይ እንዲህ ያለ መድረክ ለሚያዘጋጁና ለሚካፈሉ፣ ደጋግመው የሚሰሙትን ስህተቶች እዚህ አንስተናል።

«የሚቆፍሩት ወርቅ ፍለጋ ነው»

ይህ ካልተፈታ የቀረው ንግግር ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። የጥናት ቁፋሮ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ቦታ በሲባጎ ተከልሎ ይጀመራል። አፈሩ በአካፋ አይዛቅም፤ በትንሽ ብረት እየተፋቀ ይነሳል። ቀለሙ ወይም ጥንካሬው በተለወጠ ቁጥር አዲስ የንብርብር ቁጥር ይሰጠዋል። የወጣው አፈር ቀዳዳው አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ የሽቦ ወንፊት ይነፋል። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ገል፣ ከሰል፣ የእንስሳ አጥንት፣ አንዳንዴም የተቃጠለ እህል ነው።

ሌሊት ወርቅ ፍለጋ የሚቆፈር ጉድጓድ ጉዳቱ አንድ ዕቃ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ከቤት ወለል ሥር ሳንቲም ቢገኝ፣ ወለሉ የተነጠፈው ሳንቲሙ ከተሠራ በኋላ ነው ማለት ነው። ያው ሳንቲም ተቆፍሮ ወጥቶ ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አይናገርም፤ ወለሉም ተበጥሷል።

ለተናጋሪ አንድ ምክር፦ በስላይድ የአክሱም ወርቅ ሳንቲም አታሳዩ። ግማሽ ሰዓት የተለፋበትን ማስረዳት አንዱ ፎቶ ያፈርሰዋል። ከገበያ የተገዛ አሮጌ ድስት ሰብራችሁ ሰፌድ ላይ አቅርቡ፤ ይበቃል።

«ገል ምን ይነግራል? ጥራጊ ነው»

እንጨት ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል፣ ገል ግን ይኖራል፤ ስለዚህም ተመራማሪው ከሁሉም በላይ የሚያምነው እሱን ነው። በእጅ ተይዞ ሲታይ ውጩ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ እሳት ላይ የተጣደ ዕቃ ነው። ጠፍጣፋ፣ ወፍራም፣ አንድ ፊቱ የለሰለሰ ከሆነ ምጣድ ሊሆን ይችላል፤ ምጣድ ካለ ደግሞ ምን ይጋገር ነበር የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ስባሪው ላይ መሐሉ ጥቁር፣ ዳርና ዳሩ ቀይ ሆኖ ከታየ ብዙ ጊዜ ሸክላው አጭር ጊዜ ወይም በዝቅተኛ ሙቀት ተተኩሷል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስደስተው የከንፈር፣ ማለትም የዕቃው አፍ ጠርዝ፣ ልኬት ነው። ሰፊ ወረቀት ላይ ምስማርና ክር ይዞ ከመሐል እየራቁ በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ ክብ መሣል፤ ከዚያ የገሉን ከንፈር ገልብጦ ወረቀቱ ላይ ማሳረፍና የትኛው ክብ ላይ እንደሚገጥም መፈለግ ነው። የእጅ መዳፍ የማያክል ስባሪ የዕቃውን አፍ ስፋት ይሰጣል። ስህተት የሚመጣው ከንፈሩ በትክክለኛው ማዘንበል ሳይያዝ ሲቀር ነው፤ ከሥሩ ብርሃን ከሾለከ እንደገና ይሞከር። ገሉ ከክቡ ሃያኛ እጅ እንኳ ካልሸፈነ ልኬቱን አትመኑ። እዚህ ላይ ሸክላ ሠሪ እናት ብትኖር ከተናጋሪው ቀድማ «ይኼ የእንስራ አፍ ነው» ትላለች። መድረኩ የእሷ ይሁን።

«ያገኛችሁትን ይዛችሁ ኑ» የሚል ማስታወቂያ ጥሩ ነው

መጥፎ ነው፤ ሰው ቆፍሮ እንዲመጣ ይጋብዛል። ማስታወቂያው «ፎቶ አንስታችሁ ኑ» ይበል። ዕቃው ካለበት ሳይነቃነቅ፣ አጠገቡ ሳንቲም ወይም የባትሪ ድንጋይ ለመጠን ተቀምጦ፣ አንድ ፎቶ ከቅርብ፣ አንድ ደግሞ ዛፍ ወይም ቤት እያሳየ ከሩቅ ይነሳ። ስልኩ ቦታውን የሚመዘግብ ከሆነ ይመዝገብ። ከዓመታት በፊት ወጥቶ ቤት የተቀመጠ ነገር አይታጠብ፣ በዘይትም አይወልወል፤ ውስጡ የቀረው አፈርና የምግብ ቅሪት ከዕቃው ያላነሰ ዋጋ አለው። በእጅ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ከቤተ ክርስቲያንም ሆነ ከመስጊድ ወጥቶ አዳራሽ አይምጣ። ዋጋ መተመን ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ «ስንት ያወጣል?» ለሚለው መልስ የሰጠ ባለሙያ ደላላ መጥራቱ ነው።

«ያሳየሁትን ይወርሱኛል»

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። ከአያት የወረደ ዕቃ ስለተመዘገበ አይወረስም። ከመሬት የሚወጣው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለቤት መሠረት፣ ለመንገድ ወይም ለእርሻ ሲቆፈር ቅርስ ያጋጠመው ሰው ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት እንዳለ መጠበቅ አለበት። ያወጣው ወጪ እንዲተካለትና ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ያዛል። ለገበሬው ቅርቡ በር የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውም ቤት ይቅር። ያለ ፈቃድ መቆፈር ግን በራስ ማሳም ቢሆን አይፈቀድም።

«የፈረሰው ሁሉ ግራኝ ያፈረሰው፣ የቆመው ሁሉ ግራኝ የተከለው ነው»

ሁለቱም አባባሎች በአንድ አገር መኖራቸው ይገርማል። ሶዶ ውስጥ ያሉት የጢያ ትክል ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ይባላሉ፤ ሆኖም በ12ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የሚመደቡ የመቃብር ድንጋዮች ናቸው፤ የኢማም አህመድ ዘመን ደግሞ 16ኛው ነው። በወሎ ምድር የነበረችው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1531 መቃጠሏ በጊዜው ጸሐፊ ተመዝግቧል። ለሌላው ፍርስራሽ ግን ማስረጃ ይጠየቃል። የተቃጠለ ጣሪያ የከሰልና የአመድ ንብርብር ጥሎ ያልፋል፤ ዝናብ የጣለው ግንብ ይህን አይተውም። ድንጋዩ ለጎረቤት ቤትና ለእርከን እየተወሰደ ያለቀም ብዙ ነው።

ይህ ርዕስ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ላይ በተቀመጡበት ይነሳልና አነጋገር ይመረጥ። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የሚያነሳ ንግግር «ጌታ» እና «ጀማ ንጉሥ» የተባሉትን የወሎ ሙስሊሞች ቅዱስ ቦታዎች ቢዘል፣ ወይም በግልባጩ፣ ታዳሚው ወዲያው ያውቃል።

«ከላሊበላ ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይ የት እንደገባ አይታወቅም»

እዚያው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያለውን የጥራቢ ክምር አንብበው፣ ሥራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የተሠራ መሆኑን አሳይተዋል። ዛሬ አየር ላይ ተንጠልጥለው የቀሩ በሮችም የቀድሞው ወለል ከፍ ያለ እንደነበር ይመሰክራሉ። ስለ መላእክት የሚነገረው የእምነት ጉዳይ ነው፤ በወንፊት አይነፋም፤ ተናጋሪውም ሊያረጋግጠው ወይም ሊያስተባብለው አይሞክር።

«ድንቅነሽን በካርቦን ለኳት»

አይቻልም። ካርቦን 14፣ ማለትም በሞተ ነገር ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጠፋው የካርቦን ዓይነት፣ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ የሚለካ አይተርፍም። ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት፤ ዕድሜዋ የታወቀው በተገኘችበት ሐዳር ላይ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በካርቦን የሚለካ ከሰልም ቢሆን ዛፉ ያደገበትን ዘመን እንጂ የተቃጠለበትን ቀን አይሰጥም። ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ጥድ ቤቱን ከዕድሜው በላይ ያስረጃል።

«ልጆች እንዲማሩ ትንሽ ያስቆፍሯቸው»

እውነተኛ ቦታ ላይ በፍጹም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን ይሠራ። ከታች ቀይ አፈር፣ መሐል አመድና ከሰል የተቀላቀለበት ጥቁር አፈር፣ ከላይ አሸዋ፣ እያንዳንዱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል። መሐሉ ላይ የተሰበረ ጀበና ይቀበር። በሲባጎ አራት ቦታ ተከፍሎ በአንድ ጊዜ አራት ልጅ ብቻ ይሥራ፤ የተቀሩት ይነፋሉ፣ ይሥላሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። አሸዋው ደረቅ ከሆነ ተንዶ ንብርብሩን ያበላሸዋልና ውሃ ርጩበት። ሳጥኑ ሲሞላ ከ300 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የሚቀመጥበት ቦታ ሄዳችሁ ሙሉት።

«አዳራሽና ፕሮጀክተር ከሌለ አይሆንም»

መብራት ይጠፋል፤ ዛፍ ጥላ አይጠፋም። ከባድ የሚሆነው ቀን መምረጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ገበሬው ማሳ ላይ ነው፤ ከውቂያ በኋላ ጥርና የካቲት ይሻላሉ። አርብ የጁምዓ ሰዓት፣ የረመዳን ማታና ትላልቅ በዓላት አይነኩ። ባቲ ሰኞ፣ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ገበያ ዳር ለአሥር ደቂቃ ገል ማሳየት ይቻላል፣ ረጅም ንግግር ግን ማንም አይቆምለትም። መክፈቻው ምርቃት ይሁን፣ ቡናም ይፈላ።

ንግግሩ ከ25 ደቂቃ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ያለው ጊዜ የታዳሚው ነው። «አባቴ፣ ያንን ጉብታ ምን ይሉታል? ለምን እንዲያ ተባለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በካርታ የማይገኝ ስም ያገኛል። አንድ ሰው ለጽሕፈት ብቻ ይመደብ፤ የቦታውን ስም፣ የተናጋሪውን ቀበሌና ፈቃዱን ይመዝግብ፤ ቅጂውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀበሌው ይመለስ።