«ጦርነቱ የሀብታም፣ ውጊያው የደሃ»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

ጦርነቱን የፈለገው አንዱ፣ ሄዶ የሚሞትበት ሌላው ሲሆን አሜሪካውያን «ጦርነቱ የሀብታም፣ ውጊያው የደሃ» ይላሉ። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው» ከሚለው ጋር ቢቀራረብም አንድ አይደለም። ሳሩ በጠቡ ውስጥ የለበትም፤ እዚህ ግን የሚጎዳው ጠመንጃውን የተሸከመው ሰው ራሱ ነው።

አባባሉ የገነነው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1862 የደቡቡ ኮንፌዴሬሽን (ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት) ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ነጭ ወንዶችን በግዳጅ የሚያዘምት ሕግ አወጣ። ገንዘብ ያለው ሰው ግን ከፍሎ ሌላውን በምትኩ መላክ ይችል ነበር። በኦክቶበር ደግሞ 20 እና ከዚያ በላይ ባሪያዎች ላሉበት እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከዘመቻ እንዲቀር ተፈቀደ። ቁጣው የገነፈለው ያኔ ነው። አንድም ባሪያ የሌለው የተራራ ገበሬ ማሳውን ለሚስቱና ለልጆቹ ትቶ ዘመተ፤ የተዋጋውም ባርነትን ለማቆየት ለቆመ መንግሥት ነበር። በሰሜኑም ቢሆን 300 ዶላር የከፈለ ከምልመላ ይቀር ስለነበር አባባሉ እዚያም ተደመጠ። እኔን የሚከነክነኝ፣ በዚህ የደሃ እሮሮ ውስጥ ከሁሉም የባሰባቸው፣ በደቡብ በባርነት የተያዙት ሚሊዮኖች፣ ስማቸው እንኳ አለመጠቀሱ ነው።

ስሙ «ሰሜን» ቢልም ለደቡቡ የተዋጋው የ26ኛው የሰሜን ካሮላይና እግረኛ ሬጅመንት ታሪክ የአባባሉን እውነትም ጉድለትም ያሳያል። ብዙ ወታደሮቹ ገበሬዎች ነበሩ። ጁላይ 1 ቀን 1863 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በጌቲስበርግ ውጊያ 800 ያህል ሆነው አንድ ጅረት ተሻግረው በጫካ ውስጥ ወደ ኮረብታው ወጡ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ብቻ ከ500 በላይ የሚሆኑት ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ባንዲራውን ያነሳ ሁሉ ይመታ ነበር፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያነሳል፣ እሱም ይወድቃል።

ካነሱት አንዱ አዛዡ ኮሎኔል ሄንሪ በርግዊን ነው። ዕድሜው 21፣ አባቱ ብዙ ባሪያዎች የነበሩት ባለርስት። አባባሉ የሚከሰው ሕጉን እንጂ የእያንዳንዱን ሀብታም ልጅ ዕጣ አይደለም፤ ይህ ልጅ ጎኑን ተመትቶ በዚያው ቀን ሞተ። ሬሳ ሳጥን ስላልተገኘ በጠመንጃ ማሸጊያ ሳጥን አድርገው ከአንድ የዋልነት ዛፍ ሥር ቀበሩት።