ፓስቶራል ምንድን ነው? (አርብቶ አደሩን ለቀቅ አድርጉት)

አንዴ «ፓስቶራል» የተባለ የእንግሊዝ የባለ ቧንቧ ኦርጋን ድርሰት «የአርብቶ አደር ሙዚቃ» ተብሎ ተተርጉሞ አየሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «የፓስተር መዝሙር» ተባለ። ሁለቱንም ስቄ አለፍኩ። ሰሞኑን ግን አንዱ «ፓስቶራል ማለት ለስለስ ያለ የሚያስተኛ ሙዚቃ ነው፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚጫወቱት» ብሎ ሲደመድም አላስቻለኝም።

ወንድሜ፣ አይደለም።

ቃሉ ላቲን ነው፣ ከእረኛ የመጣ። ፓስተሩም በእንግሊዝኛ «ፓስቶራሊስት» የሚባለው አርብቶ አደሩም ከዚያው ግንድ ስለበቀሉ የፊተኞቹ ስህተት ይገባኛል። እንቅልፉ ከየት እንደመጣ ነው ያልገባኝ። ድሮ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን እረኞች ከተራራ ወርደው ሮም ውስጥ ይነፉ ነበር። አንዱ ከቆዳ ከረጢት አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይለቃል፣ ሌላው በላዩ ዜማውን ያወዛውዛል። አቀናባሪዎቹ ሃንደል «መሲሕ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ፣ ባክም በኦርጋን ፓስቶራሉ መክፈቻ ያስገቡት ይህንኑ ነው። ምቱ ብዙ ጊዜ 6/8 ወይም 12/8 ነው፤ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት አጫጭር ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። የሚወዛወዝ ነገር ደግሞ አይተኛም።

ሌላም አለ። ፓስቶራል የእረኛ ሙዚቃ ሳይሆን ከተሜ ስለ እረኛ የሚጽፈው ሙዚቃ ነው። አዲስ አበባ ያሉትን የባህል ምሽት ቤቶች አስቧቸው። ኮንክሪቱን አልፋችሁ ስትገቡ ሣር የለበሰ ጎጆ ይጠብቃችኋል። መሶቡ አለ፣ አዝማሪው አለ። ጭሱና ቁንጫው የለም። የሚቀመጠውም ከቢሮ የወጣ ሰው ነው። እንግሊዝም በፈረንጆቹ 1851 የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ከተሜ ሆኖ ነበር። እንግሊዛዊው አቀናባሪ ቮን ዊሊያምስ ከ1903 ጀምሮ ገጠር ለገጠር እየዞረ የሕዝብ ዘፈን ሲለቅም፣ ዘፈኑ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊጠፋ ደርሶ ነበር። የዚያ ዘመን የኦርጋን ጎጆም በናፍቆት የተሠራ ነው። በፔዳል፣ ማለትም በእግር በሚረገጠው ቁልፍ፣ የሚያዘው ረጅም ድምፅ የጣራው ሣር ነው። ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚያስመስሉት ቧንቧዎች አዝማሪው ናቸው። አዝማሪው ካንቀላፋ ደግሞ እንግዳው ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል።

«ሰላማዊ ነው» ለሚሉትም መልስ አለ። የቮን ዊሊያምስ «ፓስቶራል ሲምፎኒ» በ1922 ሲቀርብ ብዙዎች የእንግሊዝ መስክና የበግ ግልገል ታያቸው። እሱ ግን በልቡ የያዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት አምቡላንስ ይዞ የተመላለሰበትን የፈረንሳይ ምድር ነበር።

እንግዲህ ማንም የማያውቀው የ1910 ገደማ ፓስቶራል እጃችሁ ቢገባና ምቱ 6/8 ቢሆን፣ ስድስት አትቁጠሩ። ሁለት ቁጠሩ። የኦርጋን ድምፅ እንደ ክራር ተመትቶ አይከስምም፤ ጣት ወይም እግር እስኪነሳ ድረስ እንዳለ ነው። ባዘገማችሁ ቁጥር የፔዳሉ ድምፅ ዜማውን እየዋጠው ይሄዳል። ግራ እግራችሁ ያንን ድምፅ ይዞ ሲቆም ቀኙ ነፃ ነው፤ የቧንቧ ሳጥኑን መስኮቶች ከፈት ዘጋ እያደረገ ድምፁን የሚያጎላውና የሚያለዝበው እሱ ነው። ሐረጉ ሲያልቅ ጣታችሁን አንሱ። ነፊ ቢሆን እዚያ ላይ ይተነፍስ ነበር። ቁልፉን በኃይል ብትመቱት ድምፁ አይጨምርም፤ የጣታችሁ ጉልበት ያቺ ትንሽ ዝምታ ናት።

በነገራችን ላይ ኦርጋን ስል ሠርግ ላይ የምናየውን ኪቦርድ ማለቴ አይደለም። ባለ ቧንቧውን ነው፤ ባለ 16 ጫማው ቧንቧ ብቻውን ወደ አምስት ሜትር ይጠጋል። ሁለት አንድ ዓይነት ኦርጋን ደግሞ የለም። ኖታው «ኦቦ» ቢልም፣ የእናንተ ኦቦ እንደ ዝንብ የሚጮህ ከሆነ ተዉት፣ ዋሽንት መሰሉን የፍሉት ቧንቧ መክፈቻ ሳቡ። ቤተ ክርስቲያኑ በጣም የሚያስተጋባ ከሆነም ትንሽ ማዝገም ይቻላል።

ይቺን የመጨረሻዋን ያ ሰውዬ ባያያት ደስ ይለኛል።