የእርጎ ባክቴሪያ ጂኖች

ወተት የሚረጋው ላክቲክ አሲድ አምራች በሆኑ ባክቴሪያዎች ነው። ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ፕሮቲኑን ያረጋዋል፣ የሚያበላሹ ተሐዋስያንንም ይገታል። በወይራ በታጠነ ቅል እርጎ ሲረጋ አብዛኛውን ጊዜ እርሾ አይጨመርም፤ ባክቴሪያው ከወተቱና ከዕቃው ይገኛል። ፋብሪካ ግን ነገሩን ለዕድል አይተወውም፤ የተመረጠ እርሾ ይጨምራል። የዘርፉን ምርምር ወደፊት የገፋውም የዚሁ እርሾ ጣጣ ነው።

አንዱ ጣጣ ጠባይ መለወጡ ነው። ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለው የአይብ ባክቴሪያ ደጋግሞ ሲባዛ ላክቶስ የመጠቀም ችሎታውን የሚያጣበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ላሪ መኬይ ምክንያቱን አሳየ፤ ላክቶስ ለመጠቀም የሚያስፈልጉት ጂኖች ያሉት በዋናው ክሮሞዞም ላይ ሳይሆን ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ሴሉ ሲከፈል ቀለበቱ ያልደረሰው ልጅ ወተት መሃል ተቀምጦ ይርበዋል።

የዚሁ ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ጠቅላላ ጽሑፍ፣ በ2001 ተነበበ፤ ርዝመቱ 2.4 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ነው። በ2004 የእርጎው ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ተከተለ። ይህ ባክቴሪያ የሳንባ ምች አምጪው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዳሩ ግን ከጂኖቹ 10 በመቶ ያህሉ የተበላሹ ሆነው ተገኙ። ወተት ውስጥ ተደላድሎ ሲኖር ለበሽታ የሚያገለግሉትን ጥሏቸዋል።

ትልቁ ጣጣ ፋጅ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ፋጅ የገባበት በርሜል ሳይረጋ ያድራል፤ ወተቱም እርሾውም ይባክናል። የእርሾ አምራቹ የዳኒስኮ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሮዶልፍ ባራንጉ እና ፊሊፕ ሆርቫት፣ ከካናዳ ኬቤክ ተመራማሪው ሲልቫን ሞይኖ ጋር ሆነው ቴርሞፊለስን ሆን ብለው በፋጅ አስጠቁት። ከጥቃቱ የተረፉትን ሲመረምሩ ክሪስፐር በሚባለው የዲኤንኤ ክፍላቸው ላይ አዲስ ቁራጭ ገብቶ አገኙ፤ ቁራጩ ከራሱ ከፋጁ ዲኤንኤ ጋር አንድ ነው። ሲያወጡት ባክቴሪያው ተጠቂ ሆነ፣ ሲጨምሩለት ተቋቋመ። ውጤቱ በ2007 ታተመ። ባክቴሪያም እንደተከተበ ሰው ጠላቱን ያስታውሳል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይበልጥ ይታወቃል። በ2012 ኢማኑኤል ሻርፐንቲየ እና ጄኒፈር ዳውድና ይህን መከላከያ ዲኤንኤ መቁረጫ መሣሪያ አደረጉት፤ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት። የተጠቀሙበት ካስ9 የተባለ ዲኤንኤ ቆራጭ ፕሮቲን የተገኘው ከእርጎው ሳይሆን ጉሮሮ ከሚያሳምመው ዘመዱ ነው። የእርጎው ባክቴሪያ ድርሻ ግን ከዚህ ዝና ጋር ሲተያይ እምብዛም አይነሳም።

ፋብሪካዎች ግን አልረሱትም። ፋጅን በራሱ የለመደ ባክቴሪያ የውጭ ጂን አልገባበትምና፣ በጂን ምሕንድስና የተለወጠ ሳይባል ለእርጎና ለአይብ እርሾነት እየዋለ ነው።