ጨጓራ እየተባለ የሚታለፈው የቆሽት ሕመም
ከእምብርት በላይ የሚጀምር፣ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም ሲመጣ እኛ አገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨጓራ ነው። ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ በርበሬ ይቀነሳል፣ ዓመታት ያልፋሉ። አንዳንዴ ግን ጥፋተኛው ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት ነው።

ቆሽት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ወደ ትንሹ አንጀት፣ ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊንና ከፍ የሚያደርገውን ግሉካጎን ደግሞ ወደ ደም ይልካል። ድንገተኛ መቆጣት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሥር ሲሰድ ግን ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ይሞቱና ቦታቸውን ጠባሳ ይይዘዋል፣ ቱቦው ውስጥ ጠጠር ይሠራል፣ የጠፋውም አይመለስም።

መንስኤው ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ለዓመታት አብዝቶ መጠጣት ነው። ሲጋራም ራሱን ችሎ ያመጣዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙማ ይብሳል። ቢሆንም ታማሚን ሁሉ «ጠጥተህ ነው» እያሉ ማሸማቀቅ ነውር ነው። በዘር የሚወረስ አለ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ቆሽትን ሲያጠቃ የሚመጣና በስቴሮይድ የሚሻለው አለ፤ በደቡብ ሕንድ ኬረላ ደግሞ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ወጣቶችን የሚይዝ ዓይነት ይታወቃል።

ከጨጓራ የሚለዩት ምልክቶች ብዙ ጊዜ ዘግይተው ይመጣሉ። የኢንዛይሙ ምርት ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ቅባት አይፈጭም፤ ሰገራው ይገረጣል፣ ይሸታል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሰውየውም እየበላ ይከሳል። ስኳር በሽታም ሊከተል ይችላል። ግሉካጎኑም ስለሚጎድል ኢንሱሊን ሲወስዱ ስኳሩ በቀላሉ ሊወርድ ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የደም ምርመራ እዚህ ላይ ያታልላል፤ አሚሌዝና ላይፔዝ የሚባሉት የቆሽት ኢንዛይሞች በደም ውስጥ ልክ ሆነው ቆሽቱ ግን ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ፣ ሲገኝም ኢላስቴዝ የተባለውን የቆሽት ኢንዛይም በሰገራ ውስጥ የሚለካ ምርመራ ያስፈልጋል።

ሕክምናው የሚጀምረው መጠጥንና ሲጋራን ከማቆም ነው። ለጎደለው ኢንዛይም እንክብል አለ፣ የሚዋጠውም ከምግብ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ ፋይዳ የለውም። አንድ ነገር ግን ማወቅ ደግ ነው፦ እንክብሉ የሚሠራው በአብዛኛው ከአሳማ ቆሽት ነው። ክርስቲያንም ሙስሊምም ታማሚ ይህን በኋላ ሰምቶ መድኃኒቱን ከመጣል ቀድሞ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ቢነጋገርበት ይሻላል።

ሕመሙ አልበርድ ካለ የቆሽቱን ቱቦ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) መክፈት ወይም ቀዶ ሕክምና ይሞከራል። አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ዘዴም አለ፤ ቆሽቱ ተቆርጦ ይወጣና ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳቱ ተለይተው ወደ ታማሚው ጉበት ይገባሉ፣ እዚያም ሆነው ኢንሱሊን ያመርታሉ።