ስቲፕልቼዘር ፈረስ ምንድን ነው? የሬድ ረም የውድድር ዘመን

ስቲፕልቼዝ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን እነ እሸቱ ቱራና ለሜቻ ግርማ የሮጡት የ3000 ሜትር መሰናክል ነው። ይህ ሩጫ ግን ከፈረስ ግልቢያ የተወረሰ ነው፤ በአየርላንድና በብሪታንያ ጋላቢ ተሸክሞ አጥርና ቦይ እየዘለለ ረጅም ርቀት እንዲሮጥ የሰለጠነ ፈረስ ስቲፕልቼዘር ይባላል።

መሰናክል በሌለበት ሜዳ የሚወዳደሩ ፈረሶች በሁለትና በሦስት ዓመታቸው ገንነው ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው ከውድድር ሲወጡ፣ ስቲፕልቼዘር ግን የሚበረታው ስምንት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ከሁሉም በላይ የሚፈትነው የሚጫንበት ክብደት ነው። በሊቨርፑል አቅራቢያ በኤይንትሪ በሚካሄደው የግራንድ ናሽናል ውድድር፣ ባለፉት ውድድሮቹ የላቀ ፈረስ ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት እንዲሸከም ይደረጋል። ጋላቢው ከነኮርቻው ተመዝኖ ከተወሰነው ካነሰ፣ ጎደሎው በእርሳስ ቁራጮች ይሟላል። ስለዚህ አንድ ፈረስ ባሸነፈ ቁጥር የሚቀጥለው ድል ይከብደዋል፤ ሬድ ረም የተባለው ፈረስ ታላቅነትም የሚገባን ይህን ስናውቅ ብቻ ይመስለኛል።

ሬድ ረም በ1965 በአየርላንድ ተወለደ። የታሰበው ለአጭር ርቀት ነበር፤ በ1967 በዚያው በኤይንትሪ ባደረገው የመጀመሪያ ውድድሩም ከሌላ ፈረስ ጋር እኩል ገብቶ አንደኝነቱን ተጋራ። ከዚያ በኋላ ከአንዱ አሰልጣኝ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በ1972 አሰልጣኙ ጂንጀር ማኬይን ባለቤቱ ለሚሆነው ለአረጋዊው ኖኤል ለ ሜር በ6,000 ጊኒ (የቆየ የብሪታንያ የገንዘብ መለኪያ) ገዛው። ፈረሱ በሰኮናው ውስጥ ያለውን አጥንት የሚያቆስል በሽታ ነበረበት። የማኬይን ጋጣ ግን በሳውዝፖርት ከተማ ከመኪና መሸጫ ጀርባ የሚገኝና ለባሕሩ ቅርብ ስለነበር፣ ልምምዱ በባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ሆነ፤ ለስላሳው አሸዋና ቀዝቃዛው የጨው ውኃ እግሩን አሻሉለት።

በ1973 ግራንድ ናሽናል ክሪስፕ የተባለው የአውስትራሊያ ፈረስ 76 ኪሎ ግራም ገደማ ተሸክሞ ከሁሉም ርቆ ይመራ ነበር። ከ10 ኪሎ በላይ የቀለለው ሬድ ረም ከኋላ ደርሶ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች በሦስት አራተኛ የፈረስ ርዝመት ቀደመው፤ ሰዓቱ 9 ደቂቃ ከ1.9 ሴኮንድ የሆነ አዲስ ክብረ ወሰን ነበር። ድሉን ለክብደቱ ልዩነት ብቻ የሰጡ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ክሪስፕ ተሸክሞት የነበረው ያው 76 ኪሎ በሬድ ረም ላይ ተጭኖበት እንደገና አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት የስኮትላንዱን ግራንድ ናሽናልም ጨመረ። በ1975 እና በ1976 ሁለተኛ ወጣ፤ በ1977 በ12 ዓመቱ፣ በቶሚ ስታክ ጋላቢነት፣ ተከታዩን በ25 የፈረስ ርዝመት ርቆ ሦስተኛውን ድል ወሰደ።

በ1978 ለስድስተኛ ጊዜ ሊወዳደር ሲል እግሩ ላይ ቀጭን ስንጥቅ በመገኘቱ ጡረታ ወጣ። ያም ሆኖ ሥራ አልፈታም፤ የግራንድ ናሽናልን ሰልፍ ይመራ፣ ሱፐርማርኬቶችን ይመርቅ ነበር። በ1995 ሲሞት የተቀበረው በኤይንትሪ የማሸነፊያ ምልክት አጠገብ ነው።

ግራንድ ናሽናልን ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ፈረስ የለም። በ2018 እና በ2019 ያሸነፈው ታይገር ሮል ተቃርቦ ነበር፤ በ2020 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፣ በ2021 ደግሞ ባለቤቶቹ የተመደበለት ክብደት በዝቷል ብለው አስወጡት።