ጥንታዊዎቹ የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤቶች ምን ሲሠሩ ይውሉ ነበር? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አሜሪካ አመሠራረት ሲወራ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ የነጻነት አዋጁና ሕገ መንግሥቱ ይነሳሉ። ከ1776 ጀምሮ በየግዛቱ እየተሰበሰቡ የሰዉን የዕለት ኑሮ ሲወስኑ የነበሩት ምክር ቤቶች ግን ስማቸው እምብዛም አይጠራም። ሲጠራም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መልክ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። ተራው ሰው ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እዚያ ነበርና።

በአብዛኛው የማነሳው ቨርጂኒያን ነው። አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ አካባቢ ለምትኖሩ ሐበሾች የምትኖሩበት ግዛት ታሪክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ውሏቸው ስለ ነጻነትና ስለ መብት መከራከር ነበር»

እንዲህ ያሉ ቀናት ነበሩ፤ ግን ጥቂት ናቸው። የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ዋነኛ የቀን ሥራ አቤቱታ መስማት ነበር። አንዱ ወንዙ ላይ በጀልባ ሰው ማሻገር ይፈቀድልኝ ይላል። የአንድ ካውንቲ (የግዛቱ አውራጃ) ነዋሪዎች ፍርድ ቤቱ ስለራቀን ካውንቲያችን ለሁለት ይከፈል ይላሉ። በነጻነት ጦርነቱ የቆሰለ ወታደር ጡረታ ይጠይቃል። ፈረሱ ለሠራዊቱ የተወሰደበት ገበሬ ዋጋውን ይጠይቃል። የትምባሆ መጋዘን በሰፈራችን ይሠራልን የሚሉም ነበሩ። በዚያን ጊዜ ትምባሆ የቨርጂኒያ ኑሮ ማለት ነውና ይሄ ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

አቤቱታው በጉባኤው ፊት ይነበባል። ከዚያ ወደ ኮሚቴ ይመራል። የሃይማኖት፣ የምርጫ፣ የፍርድ ቤቶች፣ የክፍያ ጥያቄዎች እየተባሉ የተከፋፈሉ ኮሚቴዎች ነበሩ። ብዙውን ሸክም የሚቀበለው ግን የሐሳብና የቅሬታ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው መርምሮ «ጥያቄው ተገቢ ነው» ወይም «ውድቅ ይደረግ» ይላል። ተገቢ ከተባለ ረቂቅ ሕግ ይዘጋጅለታል። ረቂቁ ሦስት ጊዜ ይነበብና ወደ ሁለተኛው ምክር ቤት፣ ወደ ሴኔት ያልፋል። እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ (1865) ድረስ ከቀረቡት አቤቱታዎች ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዛሬም በግዛቷ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ትልልቆቹ ክርክሮች ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከዚሁ ወረቀት ነው። በ1776 መከር ላይ 10 ሺህ ያህል ሰው የፈረመበት አቤቱታ መጣ። ፈራሚዎቹ መንግሥት ከሚደግፈው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ሰዎች ነበሩ። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ወጪ መሸከም በቃን አሉ። በኋላ ፓትሪክ ሄንሪ ለክርስትና መምህራን የሚሆን ግብር ይጣል ሲል በ1785 ተቃውሞው እንደገና እንደ ጎርፍ መጣ። የግብሩ ሐሳብ ሞተ። ጄፈርሰን ከዓመታት በፊት ያረቀቀው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ ጥር 1786 ላይ ጸደቀ። ጄፈርሰን ያን ጊዜ ፓሪስ ነበር። በምክር ቤቱ ውስጥ የገፋው ጄምስ ማዲሰን ነው። ከማዲሰን ጀርባ ግን ፊርማቸውን ያኖሩ ሺዎች ነበሩ።

«ድምፃቸው የሚሰማው ባለ መሬቶቹ ብቻ ነበር»

ይሄ ግማሹ እውነት ነው። በቨርጂኒያ ለመምረጥ መሬት ያስፈልግ ነበር። ሴቶችና ባሪያዎች አይመርጡም። አቤቱታ ለማቅረብ ግን መራጭ መሆን አያስፈልግም። ባሏ የሞተባት ሴት ትጽፋለች። በባርነት ያለ ሰውም ይጽፋል።

ጄምስ የሚባል ሰው ነበር። በባርነት የያዘው ጌታው ዊልያም አርሚስቴድ ይባላል። በ1781 ጄምስ ከአሜሪካኖቹ ጎን ለተሰለፈው ፈረንሳዊ ጄነራል ላፋየት ሰላይ ሆኖ የእንግሊዞቹ ሰፈር ገባ፤ ከጄነራል ኮርንዋሊስ ዘንድ መረጃ አወጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ያው ባሪያ ነው። ላፋየት በ1784 አገልግሎቱን የሚመሰክር ደብዳቤ ጻፈለት። ጄምስ ያንን ይዞ ለምክር ቤቱ አቤት አለ። ጥር 1787 ላይ በሕግ ነጻ ወጣ፤ ለጌታውም ካሳ ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ጄምስ ላፋየት ተባለ። በ1819 ደግሞ ያው ምክር ቤት ጡረታ ቆረጠለት።

ማሳቹሴትስ ውስጥም ቤሊንዳ የምትባል በልጅነቷ ከአፍሪካ የተወሰደች ሴት በ1783 አመለከተች። ጌታዋ አይዛክ ሮያል ለእንግሊዝ ንጉሥ ያደላ ነበርና አገር ጥሎ ሄዷል። ዕድሜ ልኬን የለፋሁበት ሀብት ነውና ከእሱ ድርሻዬን አለች። በዓመት 15 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ተወሰነላት። ክፍያው ሲቋረጥም ደጋግማ ተመልሳ ጠየቀች።

እነዚህን ታሪኮች እያነሳን ምክር ቤቶቹን ደግ እንዳናደርጋቸው። ሰሚም ፈራጅም ራሳቸው ናቸው። ከፈራጆቹ ብዙዎቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። በ1806 ቨርጂኒያ ከዚያ ወዲያ ነጻ የሚወጣ ጥቁር ሁሉ በ12 ወር ውስጥ ግዛቱን ለቆ እንዲወጣ ደነገገች። ሚስቱና ልጆቹ በባርነት የቀሩበት ሰው ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ ሌላ ዓይነት አቤቱታ ይጎርፍ ጀመር፤ ከቤተሰቤ ጋር መኖር ይፈቀድልኝ የሚል። አንዳንዱ ተፈቀደለት፤ ብዙው አልተፈቀደለትም። ከእነዚያ ሁሉ ወረቀቶች ውስጥ እኔን የሚከብደኝ ይሄኛው ነው።

«ሥልጣን ገና ከጅምሩ በሦስት ተከፍሎ ነበር»

በወረቀት ላይ አዎ። የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ዳኛው የተለያዩ ይሁኑ ይላል። ግን ገዢውን በየዓመቱ የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። ገዢው ሕግ የመሻር ሥልጣን የለውም። ዳኞቹንም የሚሾሙት እነሱ ናቸው። በኋላም የፌዴራል ሴናተሮችን የሚልኩት የግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በ1913 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ነው።

ፍቺ እንኳን ወደዚያ ይመጣ ነበር። ሌዊስ ሮባርድስ የተባለ ሰው ከሚስቱ ከሬቸል ለመፋታት አመለከተ። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በታኅሣሥ 1790 የፈቀደለት ፍርድ ቤት እንዲከስ ብቻ ነው። ወሬው ግን ተፋቱ ተብሎ ተዛመተ። ሬቸል አንድሩ ጃክሰን የሚባል ጠበቃ አገባች። ፍቺው በፍርድ ቤት ያለቀው በ1793 ነው፤ ጃክሰንና ሬቸል በ1794 ዳግመኛ መጋባት ግድ ሆነባቸው። ጃክሰን በ1828 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ተቃዋሚዎቹ ይህንኑ እያነሱ ሬቸልን ሰደቧት። አንድ ተራ የምክር ቤት ውሳኔ ምን ያህል ዘመን እንደሚከተል አስቡት።

«ጨዋና የተደራጀ ጉባኤ ነበር»

ሾፕፍ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1783 የቨርጂኒያን ዋና ከተማ ሪችመንድን ጎበኘ። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ጭፈራና ግብዣ በሚደረግበት ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበር። አባላቱ ለአደን ወይም ለትምባሆ እርሻ በሚለብሱት ልብስ ይመጣሉ። ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ውጭ ሆነው ስለ ፈረስ እሽቅድምድምና ስለ ጠፉ ባሪያዎች ያወራሉ። በር ጠባቂው ሰው ሲጠራ ይውላል።

ምልዓተ ጉባኤ ማሟላት ደግሞ የዘወትር ራስ ምታት ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ አባላቱም እርሻቸውን ትተው ነው የሚመጡት። አንዳንዴ ግን ሆን ተብሎ ይቀራል። መስከረም 1787 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ አዲሱን የፌዴራል ሕገ መንግሥት የሚያጸድቅ ጉባኤ ለመጥራት ድምፅ ሊሰጥ ሆነ። ተቃዋሚዎቹ ቀሩ። ከ69 አባላት 46 ያስፈልጋሉ፤ የተገኙት 44 ናቸው። ሕዝቡ ወጥቶ ሁለት አባላትን ካረፉበት እየጎተተ አመጣቸው። አንደኛው ጄምስ ማካልሞንት የመቅረት ቅጣቴን ከፍዬ ልሂድ አለ። አልፈቀዱለትም። ምልዓተ ጉባኤው ሞላ፤ ውሳኔውም አለፈ።

«ሁሉም ነገር በዝግ ይወሰን ነበር»

ፔንሲልቫኒያ የዚህ ተቃራኒ ነበረች። በ1776ቱ ሕገ መንግሥቷ የምክር ቤቱ በር ሥርዓት ላለው ሰው ሁሉ ክፍት ነው። ቃለ ጉባኤው በየሳምንቱ ታትሞ ይወጣል። ሕዝብን የሚነካ ረቂቅ ሕግ ደግሞ ታትሞ ሕዝቡ ሳያየው፣ ቀጣዩ የስብሰባ ዘመን ሳይደርስ አይጸድቅም። ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀረው ሕግ እንዲሁ አስቀድሞ ታትሞ ሰዉ ከተነጋገረበት በኋላ መጋቢት 1780 ላይ በ34 ለ21 ድምፅ አለፈ።

ደንቡ ግን ለድንገተኛ ጉዳይ ቀዳዳ ነበረው። ምክር ቤቱም በዚያ ቀዳዳ በጣም አብዝቶ ተጠቀመ። ሕገ መንግሥቱ መከበሩን እንዲመረምሩ በ1783 የተመረጡት ሰዎች በሪፖርታቸው ይህንኑ ከጥፋቶቹ መካከል ቆጠሩት። በ1790 ፔንሲልቫኒያ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች። ሴኔት ተጨመረ፤ ገዢውም ሕግ የመመለስ ሥልጣን አገኘ። ረቂቅ አትሞ ለቀጣዩ የስብሰባ ዘመን የማቆየቱ ግዴታ ግን በዚያው ቀረ።